እታለምን ላመስግን፣ ለወላጆችም ልጠቁም

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ ማየት፣ መስማት ወይም መንቀሳቀስ የሚከብደው ልጅ ኖሯችሁ «ኮሌጅ ገብቶ እንዴት ሊሆን ነው?» እያላችሁ የምትጨነቁ፣ ይህችን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለአንዲት ሠራተኛ ምስጋና ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ። ሴትየዋ ደሴ ባለ አንድ ኮሌጅ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ አስተባባሪ ናት። ልጽፍ ነው ብዬ ፈቃድ ስጠይቃት «የእኔንም የኮሌጁንም ስም ካልጠሩ ይጻፉ፤ የተቀጠርኩበትን ነው የሠራሁት» አለችኝ። ስለዚህ ተማሪዎቹ በሚጠሯት ልጥራት፤ እታለም ይሏታል።

ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች ኮምቦልቻ እኔ ጋ ነው ያደገችው። አሁን አካውንቲንግ ትማራለች። ዓይኗ ላይ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ የሚባል በዘር የሚመጣ ሕመም አለባት። ይህ ሕመም መጀመሪያ የሚነጥቀው የማታውን እይታ ነው፤ ከዚያ ዳር ዳሩን እያጠበበ ይመጣል። ቀን ላይ ፊት ለፊቷ ያለውን ትልልቅ ጽሕፈት ታነባለች፣ እግሯ ሥር ያለውን ደረጃ ግን አታይም። ሲመሽ ጭራሽ አይሆንላትም።

ሰው ይህን ማመን ይቸግረዋል። «ቅድም ስልክ ስትነካኪ አልነበር? አሁን በምን ዓይንሽ ነው የምትደናበሪው?» ይሏታል። ነጭ በትር ይዛ ስልኳን ካየች ደግሞ አስመሳይ ናት። ቀድሞ በተመዘገበችበት ሌላ ተቋም (ስሙ ይቅር) አንድ የቢሮ ሠራተኛ «ወይ ዓይነ ስውር ነኝ በይ፣ ወይ አይደለሁም በይ፣ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳትጠይቅ፣ ምንም ሳታገኝ ቆይታ ትምህርቱን ጥላ ወጣች።

እታለም ዘንድ ስንሄድ እኔ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ያመጣነውን የሐኪም ወረቀት ይዤ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር ስል፣ «አጎቷ ነዎት? እሺ፣ እርስዎ ውጭ አረፍ ይበሉ፤ መጀመሪያ እሷን ላናግራት» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። አሳድጌ፣ የሐረጎን ተራራ አቋርጬ ይዣት መጥቼ፣ ውጭ ጠብቅ ልባል! በኋላ ልጅቷ የተጠየቀችውን ስትነግረኝ ግን ገባኝ። ስለ ሕመሟ የጠየቀቻት ጥቂት ነው። «መስኮቱ ከፊትሽ ሲሆን ነው የሚያስቸግርሽ ከኋላሽ? ቦርድ ላይ የትኛው ቀለም ይጠፋብሻል? ከሰዓት በኋላ ዓይንሽ ይደክማል? ማታ ወደ ቤት ከማን ጋር ነው የምትሄጂው? ክፍል ውስጥ ሰው እንዲያውቅብሽ የማትፈልጊው ነገር አለ?» ነው ያለቻት። እኔ ብኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ የምመልሰው፤ እኔ ደግሞ የመስኮቱን ነገር ከየት አባቴ አውቀዋለሁ?

ከዚያ ለመምህራን የሚሰጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። የሕመሙ ስም የለበትም። የተጻፈው መምህሩ ማድረግ ያለበት ብቻ ነው፦ ከፊተኛው ወንበር፣ መስኮት በጀርባ በኩል፤ ማንዋሉ ከትምህርቱ ቀድሞ በሶፍት ኮፒ፤ ቦርድ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በድምፅ እየተነበበ፤ ፈተና በትልቅ ፊደልና በተጨማሪ ሰዓት። የሐኪሙን ወረቀት ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ሕመሟን ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። መምህሩ የራሱን ድርሻ ይወቅ፣ ይበቃዋል» አለችኝ።

«በድምፅ እየተነበበ» የምትለዋ ቀላል ትመስላለች። አካውንቲንግ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መምህሩ ቦርድ ላይ ቲ አካውንት (ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ የሚጻፍበት የቲ ቅርጽ ያለው ሰንጠረዥ) ይሠራና «ይሄ እዚህ ይገባል፣ ይሄኛው ወደዚያ ይዞራል» እያለ በእጁ ያሳያል። ለማታይ ልጅ «ይሄ» ምንድን ነው? «ወዲያ»ስ የት ነው? እታለም መምህሩ ዘንድ ሄዳ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላ ከሰማች በኋላ «ጥሬ ገንዘብ 5,000 ብር ክሬዲት፣ ዕቃ 5,000 ብር ዴቢት እያልክ ጻፍልን፤ ሌላ ምንም አትጨምር» አለችው። አሁን እንደዚያ ሲያስተምር ከኋላ የተቀመጡትም ተማሪዎች ተሻላቸው አሉ፤ እነሱም ለካ ቦርዱ አይታያቸውም ነበር።

የማንዋሉን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ወላጅ ኮምፒውተር ከተገዛ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። እኔም ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር አለ፤ በነጻ ነው የሚጫነው፤ አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ ደረቅ ቢሆንም ጆሮ ይለምደዋል። ችግሩ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ፊደልን እንጂ ፎቶን አይደለም። አብዛኛው ማንዋል ከመጽሐፍ ላይ በስካነር ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ ነው፤ ለዓይን ጽሕፈት ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሥዕል ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል። የግብር መመሪያና ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ ከሚያውቁት የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩት የአማርኛ ፊደላት የተጻፈ ከሆነ ሶፍትዌሩ ትርጉም የሌለው የፊደል ጋጋታ ያነበንባል።

እታለም ይህን ሁሉ የምታስተካክለው ትምህርት ሳይጀመር ነው። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የተመደቡትን መምህራን ዝርዝር ከዲኑ ቢሮ ትወስድና ማንዋላቸውን ከወዲሁ ትለቅማለች። ስካን የሆነውን በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ወደ ጽሕፈት ይቀይሩታል፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፊደሉን እንዲለይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ቁጥር ቁጥሩን በእጅ ያመሳክራሉ። አካውንቲንግ ላይ 3 እና 8 ከተምታቱ አለቀ። ሰንጠረዡን ወደ ኤክሴል ታስገለብጣለች፤ ኤክሴል ላይ ልጅቷ በቀስት ቁልፍ ከሳጥን ወደ ሳጥን ስትሄድ ሶፍትዌሩ የትኛው ዓምድ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለች ይነግራታል። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ላይ ግን አንዳንዱን ቁልፍ አላነብ ብሎ አስቸግሮን ነበር። እታለም ያኔ «የቀረ እይታሽን እንጠቀምበት» ብላ የዊንዶውስ ማጉያውን አሳየቻት፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና የመደመር ምልክቱን አብሮ መጫን ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ከመጀመሪያውም ነበረ።

ከፈተና በፊት ባለው ሰሞን እታለምን ያየ ሰው ይፈራታል። ንግግሯ ይቆርጣል፣ ይህን አልደብቅም። አንድ መምህር «ለእሷ ሰዓት ከጨመርኩ ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም» ብሎ ነበር። «ጥያቄው ያው ነው፣ ማረሚያው ያው ነው። ሰዓቱ የሚጨመረው ለማሰቢያ አይደለም፤ አንተ በአንድ እይታ የምታነበውን ገጽ እሷ መስመር በመስመር እየፈለገች ስለምታነብ ነው» አለችው። ሲያንገራግር ደግሞ ሕጉን አወጣች። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የፈተና ሰዓት ማራዘምን በግልጽ ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ተገቢ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ግን ሕግ የምትጠቅሰው መጨረሻ ላይ ነው። «በሕግ ያስገደድኩት መምህር ሰዓቱን ይሰጠኛል፤ ያስረዳሁት ግን ማንዋሉንም ሳልጠይቀው ያመጣልኛል» ትላለች። መምህሩ አሁን ማንዋሉን ራሱ ይዞ ይመጣል አሉ።

ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ከተማ ሁሉ ነገሩ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደህና ዓይን ያለውም ይደናበራል። ግቢው ውስጥ የደረጃዎቹን ጠርዝ ሁሉ ቢጫ ቀለም አስቀብታለች፤ ቀለሙ ያለቀበት ደረጃ ካለ ራሷ ስልክ ትደውላለች። የኮምፒውተር ላብራቶሪ ክፍለ ጊዜያቸው ማታ 12 ሰዓት ላይ ያልቅ ስለነበር የእህቴን ልጅ ጠዋት ወደሚማረው ሴክሽን አዛወረቻት። በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ሦስተኛ ፎቅ ተመድቦ ነበር፤ ሊፍት የለም። ልጁን አሸክሞ ከማውጣት ክፍሉን በሞላ ምድር ቤት አወረደችው። አዲሱ ሕንጻ በር ላይ የተሠራው ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ደግሞ ለወጉ ያህል የተለጠፈ ነበር፤ ሜትር ይዛ ለካችው። ለ50 ሳንቲሜትር ከፍታ 6 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ ይህ ግማሹም አይሆንም ብላ እስኪፈርስና እንደገና እስኪሠራ አልተኛችም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ካለ ስንት ጊዜው። ከተማችን ውስጥ ግን ባንክም ሆነ ሆቴል ስትገቡ እስቲ በሩን እዩት።

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የምታደርገውን የሰማሁት ከልጅቷ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቢኖርም ተማሪው የአስተርጓሚውን እጅ እያየ ደብተሩ ላይ መጻፍ አይችልም፤ ዓይኑ አንድ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ የሚጽፍለት የክፍል ጓደኛ ትመድባለች። ማየት ለተሳናቸው ለሚያነቡትም፣ ማስታወሻ ለሚጽፉትም ሥልጠና ሰጥታ ነው የምታሰማራቸው፦ ያለውን አንብብ፣ አታብራራ፤ ፈተና ላይ ድምፅህን አትቀያይር፤ ደክሞህ ከቀረህ ቀድመህ ንገረኝ።

እንግዲህ ጉድለቱንም ልናገር፣ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ማንም አያምነኝም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው አንድ ነው፤ ሁለት ክፍል በአንድ ሰዓት ከዋለ አንዱ ያለ እሱ ይማራል። ቢሮውም ጠባብ ነው፤ ዊልቸር ከገባ ሌላ ሰው መውጣት አለበት። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሥራው በሙሉ እሷ ጫንቃ ላይ መሆኑ ነው። የወሊድ ፈቃድ ወጥታ በነበረ ጊዜ ማንዋሉም ዘገየ፣ የፈተናው ክፍልም ተረሳ። ኮሌጁ ሁለተኛ ሰው ይቅጠርላት፤ ይህን ለዲኑም በቃል ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ።

ልጅ የምታስገቡ ወላጆች፣ ምዝገባ እስኪጀመር አትጠብቁ። የተመደበበትን ወይም የተቀበለውን ኮሌጅ እንዳወቃችሁ የድጋፍ ቢሮ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለ ማንዋልና ክፍል ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልገዋል። የሐኪም ወረቀት ያዙ፤ ከወረቀቱ በላይ ግን ልጁ ራሱ ምን እንደሚከብደው፣ ምን እንደሚያግዘው እንዲናገር አለማምዱት። ዊልቸር፣ ክራንች ወይም ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልገው ካለ ደሴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሳትጠይቁ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተቱ። የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ እመልሳለሁ።

እታለም፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ለአረፋ አንድ ነገር ልያዝልሽ ብል እንቢ ብለሽ «ካልቀረ ወረቀት ያምጡ» ያልሽኝን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለካ በ12 ፊደል ሦስት ገጽ የነበረ ማንዋል በ20 ሲታተም ስምንት ገጽ ይሆናል፤ የቢሮው ወረቀት ሴሚስተሩ ሳያልቅ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ኤ ፎር ወረቀት ማዋጣት የምትፈልጉ ሱቄ ድረስ አምጡልኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደሴ ስለምወጣ አደርስላችኋለሁ።