ለናፍጣ ሃይሉክስ የትኛው ካምቢዮ ይሻላል? ኮፒ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ የራሳችሁን ማሠራት

"ካምቢዮዬ መጮህ ጀመረ። አዲሱን ኮፒ ልግዛ ወይስ የዱባይ ያገለገለ ልፈልግ?" ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ወዳጅ የለም። ለየሰዉ በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከሁሉም የምመርጠው የራሳችሁን ካምቢዮ አስከፍቶ በጥሩ ኩሽኔታ ማሠራት ነው። እሱ የማይሆን ከሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል አር 151፣ ማለትም ጠንካራው የቶዮታ ካምቢዮ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚያብለጨልጨውን አዲስ ኮፒ ግን በነጻ ቢሰጡኝም ቁልቁለት አልወርድበትም።

የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ከቆዩት ባለ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ደብል ጋቢናዎች ጀምሮ እስከ ቪጎ። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ግማሹን ሊዘለው ይችላል። ጭነት የሚጭንና ዳገት የሚወጣ ግን ይታገሰኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ካምቢዮው ነው ወይ?

ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው አንድ ኩሽኔታ ተበላሽቶበት ሙሉ ካምቢዮ ይገዛል። ሻጩ ደግሞ "ተው፣ አያስፈልግህም" አይለውም።

መኪናውን አቁሙ። ሞተሩ ይሥራ፣ ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ፣ ችግሩ ከሞተሩ ኃይል በሚቀበለው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። ስትረግጡ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ካምቢዮው ምንም አላደረገም፤ የሚቀየረው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። አሁን ደግሞ ንዱት። በሌሎቹ ማርሾች ሁሉ እያፏጨ 4ኛ ላይ ሲደርስ ጸጥ ካለ፣ የታችኛውን ዘንግ ጠርጥሩ። በእነዚህ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮዎች 4ኛ ቀጥታ ነው። ጉልበቱ በታችኛው ዘንግ ሳይዞር ከፊት ወደ ኋላ በቀጥታ ያልፋል። ወደ 2ኛ ስትቀይሩ ብቻ ከተፋጨ ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ የሚያደርገው የነሐሱ የሲንክሮናይዘር ቀለበት አልቋል ማለት ነው። ሁሉም ማርሽ በግድ የሚገባ ከሆነ ግን ካምቢዮውን ከመንካታችሁ በፊት የፍሪሲዮኑን ፓምፖች እዩ። እዚያ የሚያፈስ ነገር አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ብር አይወጣም። ጆሮና ትንሽ ጸጥ ያለ መንገድ ይበቃል።

ጂ ወይስ አር?

ሃይሉክስ ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት የካምቢዮ ቤተሰቦች ናቸው። ጂ ተርቦ የሌላቸው የቆዩ ናፍጣዎች ላይ ይበዛል። አር ደግሞ ጉልበት ላላቸው የተሠራ ነው። አር 151 በ1ኬዜድ ሞተር ላይም በ1ኬዲ ሞተር ላይም ሠርቷል። 5ኤል ሞተር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 200 ኒውተን ሜትር ነው። የቪጎው ባለ 3 ሊትር 1ኬዲ 343 ነው። ልዩነቱ የት እንዳለ ገብቷችኋል።

የናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደላላ አትጠይቁ። ቶዮታ የለጠፋት የመለያ ሳህን አለች፤ ብዙ ጊዜ ቦኔት ስትከፍቱ ትታያለች። "ትራንስ/አክስል" ከሚለው ጎን የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ "ኤፍ" ካለ የፎርባይፎር ነው። ያቺን ሳህን በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ይዛችሁ ውጡ።

አር 151ን የምወደው ስለ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። የ1ኛ ማርሹ ሬሾ 4.313 ነው፤ የኋላው መውጫ አንዴ እንዲዞር የፊቱ ዘንግ 4.313 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ወንድሙ አር 150 ደግሞ 3.830። ሲታይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ሲነዳ ግን ከ12 በመቶ በላይ ነው። እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱንም በዚያው ልክ ያጣል። ጭነት ይዛችሁ እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ስትነሡ ወይም ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ፣ የምታድናችሁ ያቺ አጭር 1ኛ ናት። ፍሪሲዮንም አትበላም።

ጂ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ተርቦ በሌለው ሞተር፣ ልክ ባለው ጭነት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጂ ካላችሁ ጂውን አሠሩ። ወደ አር ለመቀየር ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውን የፊት ቤት፣ የኋላ መያዣውን፣ የፕሮፔለሩን ርዝመት ሁሉ ማስተካከል ይመጣል። ያ ሁሉ ሲደመር ትርፉን ይበላዋል።

ዋጋ

በብር ብጽፈው እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሶማሌ ተራ የጠዋት ዋጋና የከሰዓት ዋጋ አለው። ስለዚህ አዲሱን ኮፒ 100 እንበለውና ሌላውን በሱ እንለካ። ከዚህ በታች ያለው በቅርቡ ለወዳጆቼ ስጠያይቅ ያገኘሁት ነው።

ያገለገለ ኦሪጅናል አር 151 ሻጩ ሲጀምር 180 ይላል። ጥድፊያ ካልታየባችሁና ሁለት ሱቅ ዞራችሁ ከተመለሳችሁ 140 ላይ ይወርዳል። የራሳችሁን ማሠራት፣ ሙሉ ኩሽኔታ፣ የ2ኛና የ3ኛ ቀለበት፣ ኦይል ሲልና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 60 አካባቢ ነው። ጥርስ ወይም ዘንግ ከተጨመረ ግን ወዲያው 120ን ያልፋል። እዚያ ሲደርስ አቁሙና ያገለገለ ፈልጉ።

በዚህ ላይ ማውጣትና ማስገባት 10 ጨምሩ። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮን ዲስኩን ካላያችሁ ጥፋት ነው፤ እሱም 25 ያህል ይጨምራል። ዋጋ ስትጠይቁ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ለዩ። ከነትራንስፈሩ (ፎርባይፎር ላይ ኃይሉን ለፊት ጎማም የሚያካፍለው) ነው ያለ ትራንስፈር? ከፊት ቤቱ ጋር ነው ያለሱ? በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ? የመጨረሻው ብቻውን 15 በመቶ ቫት ነው። ርካሽ የመሰላችሁ ሱቅ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ደብቆ ነው የነገራችሁ።

አሁን ኮፒውን አስሉት። 100 ነው ብላችሁ ገዛችሁ። 10 ለማስገባት። በዓመቱ 5ኛው መጮህ ሲጀምር ማውጣትና ማስገባት እንደገና 10። ማሠራት 60፤ እሱም የሚሠራ ከሆነ ነው። ልሽጠው ስትሉ ሚዛን ላይ አስቀምጠው በኪሎ ይጠይቋችኋል። ያገለገለ ኦሪጅናል ግን ከዓመታት በኋላም ተበላሽቶ እንኳ ገዢ አለው።

ኮፒው ምን ያደርጋል?

የባለቤቴ ወንድም ከደብረ ብርሃን ወዲያ እህል ያመላልሳል። ካምቢዮው ሲጮህበት ሳይነግረኝ ሄዶ አዲስ ኮፒ አስገጠመ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ ማርሹ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ ጣርማ በርን ጭኖ ሲወርድ 3ኛው ብድግ ብሎ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ቁልቁለት ነው፣ ጭነት አለ፣ ሞተሩ ከጎማው ተላቋል፣ የቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ እጁ መሪ በአንድ እጁ የማርሹን ዱላ ጨብጦ ነው ደብረ ሲና የገባው።

ጋራዥ ሲከፈት ያየሁትን ልንገራችሁ። ማርሹን ቆልፈው የሚይዙት ትናንሽ ጥርሶች ጫፋቸው ተላግቶ ክብ ሆኗል። ብረቱ በደንብ አልጠነከረም። ኩሽኔታዎቹ ላይ የሠራቸው ፋብሪካ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ በጣት ሲነቀነቅ ይጫወታል። ወደ ሻጩ ስንሄድ "ጭነት አብዝተህ ነው" አለው። ፒክአፕ እኮ ነው! የስድስት ወር ዋስትና ያለው ወረቀት ነበረን፤ ዋስትናው ግን ከሱቁ ደጃፍ አላለፈም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ ኮፒ ብዙ ጊዜ ዘይት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። "አዲስ ነው" ብሎ እንዳለ የሚገጥም ጋራዥ አለ። እዚያ ላይ ኮፒውን መውቀስ አይቻልም፤ ደረቅ ካምቢዮ የጃፓንም ቢሆን አይተርፍም።

ያገለገለ ስትገዙ

"የዱባይ ነው" ሲባል ሁሉም ሰው ይረጋጋል። እኔ እዚያ ላይ ነው የምጠነቀቀው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሃይሉክስ በብዛት ቤንዚን ነው፤ ባለ 2.7 ሊትር። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣው ካምቢዮ ከቤንዚን መኪና የወረደ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ያው አር ነው። ከሞተራችሁ ጋር የሚገጥመው የፊት ቤት ግን ይለያል፤ የማርሹ ሬሾም ሊለይ ይችላል። ሻጩ "የፊት ቤቱን እንቀይረዋለን፣ ቀላል ነው" ይላችኋል። ቤቱ ይቀየራል። ሬሾው ውስጥ ይቀራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካምቢዮውን መሬት ላይ 1ኛ ውስጥ አስገቡት። የኋላውን መውጫ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የፊቱን ዘንግ በእጅ እያዞራችሁ የኋላው ሦስት ጊዜ እስኪዞር ቁጠሩ። 13 ሊሞላ ትንሽ ከቀረው አር 151 ነው። 11 ተኩል ላይ ከቆመ የ3.830 ሬሾ ያለው ነው፤ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ስትቆጥሩ ያየ ሻጭ ዋጋውን ሲቀንስ አይቻለሁ።

እዚያው እያላችሁ የፊቱን ዘንግ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። በጣም ጥቂት መላወስ አለ፤ ቋ ቋ ካለ ግን ተዉት። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ማግኔት አለው። ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። ስንጥር ብረት ካለ ጥርስ ተበልቷል። ቢጫ ብናኝ ከበዛ ቀለበቶቹ ናቸው፤ ይህ ለመከራከር ይጠቅማል እንጂ አያስፈራም። ሰውነቱ በአዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ የተሰነጠቀና በብየዳ የተጠገነ ቦታ ፈልጉ። የፍጥነት መለኪያውንም እዩ፤ የቆየው በገመድ ነው የሚሠራው፣ አዲሱ በሴንሰር። ይህን የረሳ ሰው ኪሎ ሜትር የማይቆጥር መኪና ይነዳል።

የራሳችሁን የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ኮፒው በኩሽኔታ በኩል እንዳይገባባችሁ። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን የሚል ካርቶን ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ካርቶኑን ትታችሁ ኩሽኔታው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ጥርት ያለ፣ እኩል የተቀረጸ መሆን አለበት። ሌላው ጣጣ ዘይት ነው። ደንበኛው 75/90 ነው። ድምፅ ለመደበቅ ወፍራሙን 140 የሚሞሉ አሉ። ለጊዜው ዝም ይላል፤ ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ግን 2ኛ አልገባም ይላል፣ ቀለበቱንም ይጨርሰዋል።

ሪቮ (ከቪጎ በኋላ የመጣው ሃይሉክስ) ያላችሁ ስለ ባለ 6 ማርሹ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ካምቢዮ ነው። በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 6ኛው ሞተሩን ያሳርፈዋል። ግን ለሪቮው ይቅር። ወደ ቪጎ ልገልብጠው የሚል ሰው ገንዘቡ ስለበዛበት መሆን አለበት።

የመጨረሻው ነገር አሮጌው ካምቢዮ ነው። ኮፒ የሚሸጥላችሁ ሰው "አሮጌውን አምጣውና 20 እቀንስልሃለሁ" ይላል። አትስጡት። ያ የናንተ አሮጌ ኦሪጅናል 60 ወጥቶበት፣ ታጥቦ፣ በሌላ ሱቅ 140 ይሸጣል። ቦታ ካላችሁ ዘይት ቀቡትና ጥግ አስቀምጡት።