የኪኔሲስ ስትሪም ማጥፋት፦ በኮንሶል ወይስ በቦቶ3?

ኪኔሲስ ዳታ በተከታታይ የሚቀበል የአማዞን ክላውድ አገልግሎት ነው፤ ስትሪም ደግሞ ዳታው የሚፈስበት መስመር። የምታጠፉት አንድ ስትሪም ብቻ ከሆነ ኮድ መጻፍ ትርፍ ድካም ነው። የአማዞን ኮንሶል (በድረ ገጽ የሚሠራው መቆጣጠሪያ) ውስጥ ገብቶ መርጦ ማጥፋት ይበቃል። ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ እጅ ሳት ቢል እንኳ ያድናል።

ለሙከራ በየጊዜው ስትሪም ለሚከፍት ግን የፓይተኑ ቦቶ3 (የአማዞንን አገልግሎቶች ከኮድ ማዘዣ ላይብረሪ) ይሻላል። ዲሊት ስትሪም (delete_stream) የሚለውን ትእዛዝ ጠርቶ ስሙን መስጠት ነው። እዚህ "እርግጠኛ ነህ?" የሚል የለም። ደግሞ ጥሪው ተመለሰ ማለት ስትሪሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ገና እየጠፋ ነው። ወዲያው በዚያው ስም አዲስ ልፍጠር ካላችሁ ስህተት ይገጥማችኋል። ለዚህ ስትሪሙ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ዌይተር የሚባል መሣሪያ አለ፦ ካልቀየራችሁት በየ10 ሰከንዱ እያየ እስከ 18 ጊዜ ይሞክራል።

የተመዘገበ ኮንሲዩመር (ከስትሪሙ ዳታ የሚያነብ ፕሮግራም) ካለም ኢንፎርስ ኮንሲዩመር ዲሊሽን (EnforceConsumerDeletion) የሚለውን አማራጭ ትሩ ካላደረጋችሁ ጥሪው እምቢ ይላል። ስክሪፕት ላይ ዝም ብሎ ትሩ ማድረጉን አልወደውም። እምቢታው ከዚያ ስትሪም የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ብዙ ስትሪም በሉፕ ስታጠፉ ደግሞ በአንድ አካውንት በሰከንድ ከ5 ጥሪ አትለፉ።

በሁለቱም መንገድ የጠፋ ዳታ አይመለስም። በፕሮቪዥንድ ሞድ (አቅሙን አስቀድማችሁ በምትወስኑበት) ግን እያንዳንዱ ሻርድ (የስትሪሙ የአቅም ክፍል) በሰዓት ስለሚያስከፍል፣ ረስቶ መተውም ኪስ ያራቁታል።