ፋውንድሪ፦ ስክሪፕት ቴስት ሲደረግ ስትራክት ማቀበሉ ምን ያህል ይመቻል?

ፋውንድሪ ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይን ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም) መሥሪያና መሞከሪያ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቴስቱም ስክሪፕቱም ኮንትራቱ ራሱ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በሶሊዲቲ፣ መጻፋቸው ነው። የዲፕሎይ ስክሪፕት (ኮንትራቱን ብሎክቼይን ላይ የሚያወጣው) እንደማንኛውም ኮንትራት ነውና ቴስቱ ውስጥ በ«ኒው» ፈጥረው፣ ስትራክቱን (ብዙ ዋጋዎችን በአንድ የሚይዘውን የዳታ ዓይነት) ሞልተው ፈንክሽኑን በቀጥታ ይጠሩታል። ዓይነቱ ካልገጠመ ኮምፓይለሩ እዚያው ያስቆማል። ብዙ ፓራሜትሮችን በአንድ ስትራክት መሰብሰብ «ስታክ ቱ ዲፕ» የሚባለውንም ስህተት ያቃልላል፤ ኢቪኤም (ኮንትራቱን የሚያስኬደው ቨርቹዋል ማሽን) ከስታኩ (ጊዜያዊ ዋጋዎች ከሚደረደሩበት ቁልል) አናት ከ16 በላይ ጠልቆ መድረስ አይችልምና።

ስክሪፕቱን ከተርሚናል በ«ፎርጅ» (በፋውንድሪ ትእዛዝ) ማስኬድ ሲሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚጠራው ፈንክሽን በሚገለጽበት በ«ሲግ» ላይ ሙሉ ፊርማውን (ስሙን ከነፓራሜትር ዓይነቶቹ) ሲጽፉ የስትራክቱን ስም ማስገባት አይሠራም፤ ውስጡ ያሉትን ዓይነቶች በተራቸው በቅንፍ መዘርዘር ግድ ነው። ዋጋዎቹም እንዲሁ በቅንፍ ይገባሉ፣ አሬይ ከሆነ በማዕዘን ቅንፍ። በጥቅስ ምልክት ካልታጠሩ ቅንፉን ባሽ (የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ) ለራሱ ይወስደውና ትእዛዙ ፎርጅ ጋ ሳይደርስ ይከሽፋል። ስትራክት በስትራክት ውስጥ ከሆነ በ«ካስት ኮልዳታ» (ጥሪውን ወደ ሄክስ በሚቀይረው የፋውንድሪ ትእዛዝ) አዘጋጅቶ ጥሬውን ሄክስ ለ«ሲግ» መስጠት ይሻላል።

ጉድ የሚሠራው የስትራክቱን ዋጋዎች ከጄሰን (ቁልፍና ዋጋ ከሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ማንበብ ነው። ጄሰኑን የሚፈታው «ፓርስጄሰን»፣ ቢያንስ በቆዩ ስሪቶች፣ ቁልፎቹን በላቲን ፊደል ተራ እንደሚደረድር የፋውንድሪ ሰነድ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል። ስትራክቱ ትሬዠሪ፣ አድሚን (ሁለቱም አድራሻ)፣ ፊ (ቁጥር) ተብሎ ተጽፏል እንበል። ከጄሰኑ የሚወጣው አድሚን፣ ፊ፣ ትሬዠሪ ነው። ፊው 500 ከነበረ፣ አድሚን በዜሮ ተሞልቶ በ1ኤፍ4 (500 በሄክስ) የሚያልቅ አድራሻ ይሆናል፤ የትሬዠሪው አድራሻ ደግሞ ግዙፍ ቁጥር ሆኖ ፊ ላይ ይቀመጣል። ዲኮዱ (ዳታውን ወደ ስትራክት መመለሱ) ምንም ሳይል ያልፋል! መፍትሔው የስትራክቱን ፊልዶች በዚያው በፊደል ተራ መጻፍ ወይም እያንዳንዱን በቁልፉ ለይቶ በ«ፓርስጄሰንአድሬስ» እና በ«ፓርስጄሰንዩኢንት» ማንበብ ነው። ፋይሉን ለማንበብ በማዋቀሪያው ፋይል፣ በፋውንድሪ ቶምል፣ ላይ ፈቃድ መክፈትም አይረሳ።

ዋጋዎቹን በ«ሴትኤንቭ» (የኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ በሚሞላው) ማቀበልን ለቴስት አንመክርም። ኤንቫይሮንመንቱ የመላው ፕሮሰስ ነው፣ ቴስቶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነብበዋል። ዛሬ ያለፈ ቴስት ነገ ያለምክንያት የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ስክሪፕቱን ለሁለት መክፈል ይበጃል፦ ፓራሜትር የሌለው «ራን» ጄሰኑን አንብቦ ስትራክት ይሙላ፤ ሁለተኛው ፈንክሽን ስትራክቱን ተቀብሎ ዲፕሎይ ያድርግ። አብዛኛው ቴስት ሁለተኛውን ይጥራ፣ አንድ ቴስት ደግሞ የተነበበውን ፊልድ በፊልድ ያነጻጽር። ስክሪፕቱ «ስታርትብሮድካስት» (ጥሪዎቹን ወደ ብሎክቼይኑ የሚላኩ ትራንዛክሽኖች የሚያደርገው) ካለው ከመጥራትዎ በፊት «ስታርትፕራንክ» (ጠሪውን ሌላ አድራሻ የሚያስመስለውን) ክፍት አይተዉ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።