ቶር ወይስ ሎኪ፦ በስማይት ጫካውን ለማን እንስጥ?

ስማይት አማልክትን መርጠው በቡድን የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ጫካው ደግሞ አንድ የቡድን አባል እየተዘዋወረ የሚጫወትበት፣ በካርታው መንገዶች መካከል ያለ ቦታ ነው። ቶርና ሎኪ ሁለቱም ከኖርስ (ከጥንታዊ ስካንዲኔቪያ) አማልክት ናቸው፤ ሁለቱም አሳሲን (በፍጥነት ገዳይ ዓይነት)፣ ሁለቱም ተጠግተው የሚመቱ። በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ በወጣው የመጀመሪያው ስማይት፣ አምስት ለአምስት በሚካሄደው ኮንኩዌስት በተባለው የጨዋታ ዓይነት ግን የእኛ ምርጫ ቶር ነው።

የቶር ሀብቱ መዶሻው ነው፤ ሲወረወርም ሲመለስም ይመታል። መዶሻው የሚመለሰው ቶር ወዳለበት ስለሆነ፣ ከወረወሩ በኋላ ጥቂት ወደ ጎን ተራምደው የመመለሻ መስመሩን ተቃዋሚው ላይ ማሳለፍ ይቻላል። ቶር ከመሬት የሚያስነሳው ግድግዳ አጠገቡ የቆመን ተቃዋሚ ያፈዝዛል። ጥሩው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ መዶሻ፣ ከዚያ እየተሽከረከሩ መምታት። ግድግዳውን በችኮላ በሸሺው ተቃዋሚና በራስዎ ቡድን መካከል ከተከሉት ግን ጠላትን አስመለጡት ማለት ነው፤ የጀማሪዎች ዋና ስህተትም ይኸው ነው። ሰማይ ወጥቶ የሚወድቅበት ትልቁ ችሎታው ጊዜ ይወስዳል፤ የማምለጫ ችሎታውን አስቀድሞ የጨረሰ ተቃዋሚ ላይ ያውሉት።

ሎኪ ይሰወራል፣ ከጀርባ ብቅ ብሎ ይወጋል። ብቻውን ለቀረ፣ ደም ለሚያንሰው ተቃዋሚ ከእሱ የከፋ የለም። መሰወሪያውን ለመግቢያ ካዋለው ግን መውጫ ያጣል፤ ቡድን ተሰብስቦ ሲዋጋ ቶሎ የሚሞተውም ለዚህ ነው።