የአሪዞና የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ፦ ለአንዷ ፈርሜ ለሌላው የተውሁት

በፊኒክስና በአካባቢዋ የምንኖር ወላጆች በማኅበርም በለቅሶ ቤትም ስንገናኝ ስለ ኢኤስኤ፣ ማለትም ግዛቱ ለልጆች ትምህርት ገንዘብ ስለሚያስገባበት የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ፣ እየተጠያየቅን ስለሆነ፣ ሴት ልጄን ሁለት ዓመት በዚህ ሒሳብ ያስተማርሁ እናት በመሆኔ ያየሁትን ለመጻፍ ወስኛለሁ።

መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን፣ በ2022 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ የግዛቱ ልጆች ሁሉ ተከፍቷል። ግዛቱ ልጁ በሕዝብ ትምህርት ቤት ቢማር ያወጣለት ከነበረው ገንዘብ 90 በመቶውን በየሦስት ወሩ ወደ ሒሳቡ ያስገባል፤ ይህም ልዩ ፍላጎት ለሌለው ተማሪ በአመዛኙ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአስጠኚና ለመማሪያ መጻሕፍት ይውላል፤ ያልወጣው ወደሚቀጥለው ጊዜ ይተላለፋል። የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ ስለሚበልጥ ልዩነቱን ከኪሳችን እንሞላለን፤ የማመላለሻ አውቶቡስም ስለሌለው ጠዋትና ማታ የማደርሳትና የማመጣት እኔው ነኝ። እንዲያም ሆኖ በትምህርቷ ያሳየችው ለውጥ ድካሜን ያስረሳኛል።

ደረሰኝ ላይ ጥንቃቄ አይለያችሁ። የሒሳብ አስጠኚዋ መጀመሪያ የሰጠችኝ ወረቀት በእጅ የተጻፈ «ጠቅላላ 480 ዶላር» ብቻ ነበር፤ የልጅቷ ስም፣ ያስጠናችበት ቀንና ሰዓት አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ደረሰኝ በመርሐ ግብሩ ተቀባይነት ስለሌለው ሁለት ጊዜ አስተካክላ እስክትጽፍልኝ ድረስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ክፍያ ሳልፈጽም አስቀድሜ ደረሰኙን አያለሁ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ወደ መርሐ ግብሩ ለመግባት የሚፈረመውን ውል ነው። ወላጅ ሲፈርም ልጁን ንባብ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት ለማስተማር ቃል ይገባል፤ በሙሉ ጊዜ በሕዝብ ወይም በቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ እየተደገፈ ራሱን ችሎ በሚተዳደር) ትምህርት ቤት ላያስመዘግበውም ይስማማል። ከዚህም ጋር የአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጁን ከማስተማር ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። ይህች አንቀጽ ጤነኛ ልጅ ላለው ወላጅ ቀላል ትመስላለች፤ የተለየ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ላለው ግን በጣም ከባድ ናት፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በሕግ ተገድዶ በነፃ ይሰጠው የነበረው አገልግሎት በዚያው ፊርማ ይቀራል። ለእንደዚህ ያለ ልጅ የሚመደበው ገንዘብ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ ሆኖም ባለሙያውን ፈልጎ ማግኘትና ቀጠሮ መያዝ የወላጅ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ለሴት ልጄ ብፈርምም ለታናሽ ወንድሟ አልፈረምሁም። እርሱ ስለሚንተባተብ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ የንግግር ባለሙያ መድቦለታል። የደወልሁላቸው ሦስት የግል ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንደሌላቸው በግልጽ ነግረውኛል። ባለፈው ሳምንት ስሙን ከነአባቱ ሳያቋርጥ ሲናገር ሰማሁት፤ ለመጪው ዓመትም እዚያው አስመዝግቤዋለሁ።