ከማጣሪያው በፊት ጣሪያችንን ላየልን ባለሙያ ምስጋና

የዝናብ ውሃ አጠራቅመን ለቤት የምንጠቀምበትን ማጣሪያ የሠራልንን የቧንቧ ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

የጠራነው ማጣሪያ እንዲገጥምልን ነበር። እርሱ ግን ሥራውን የጀመረው መሰላል አስመጥቶ ጣሪያው ላይ በመውጣት ነው። በቆርቆሮው ላይ የወፍ ኩስ፣ አቧራና የረገፈ ቅጠል አይቶ ወረደና፣ "ይህ ከላይ ካልተገታ የማጣሪያው አሸዋ ቶሎ ይደፈንባችኋል" አለን። አሸንዳውን ጠርጎ ወንፊት አደረገለት። ከመውረጃው ጎንም የመጀመሪያውን ዝናብ ለብቻው የሚይዝ፣ ከታች የሚከፈት ወፍራም ቱቦ አቆመ። ስሌቱንም አስረዳን፦ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ ጣሪያው 50 ካሬ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ማለትም 50 ሊትር ገደማ፣ የቆርቆሮው እጣቢ ነውና ታንከር ውስጥ መግባት የለበትም። ይህን ያህል አስተውሎ የሚሠራ ሰው ማግኘት መታደል ነው!

ታንከሩን ብርሃንና ትንኝ እንዳይገባው አድርጎ ከደነው፤ መቅጃውንም ዝቃጩን እንዳይስብ ከወለሉ ከፍ አደረገው። ማጣሪያው ከታች ጠጠር፣ ከላይ ደቃቅ አሸዋ ነው። አሸዋውን ደጋግሞ ሲያጥብ አንዴም አልተሰላቸም። በአሸዋው ገጽ ላይ ጀርሞችን የሚቀንስ ስስ ሕያው ሽፋን የሚፈጠረው በሳምንታት ውስጥ መሆኑን፣ አሸዋው ሳይደርቅ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ዘወትር ሊተኛበት እንደሚገባ ነገረን። ክሎሪን ከማጣሪያው በፊት ከተጨመረ ያንን ሽፋን ይገድለዋልና ከተጣራ በኋላ ብቻ እንድንጨምር አስጠነቀቀን።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን እውነተኛነቱን ነው። የሠራውን ማጣሪያ ከማሞገስ ይልቅ፣ "ለእጥበት ይበቃችኋል፤ ለመጠጥ ግን አፍሉት፣ ወይም በልኩ ክሎሪን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ" አለን። ከሰል እንዲጨምርልን ስንጠይቀውም ከሰል ሽታና ጣዕም ያሻሽላል እንጂ ከጀርም ለመጠበቅ እንደማይታመንበት አስረዳን። ማፍላትም ቢሆን ከአሮጌ ቀለም የሚወጣን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት አያስወግድም ብሎ የጣሪያችንን ቀለም ሳይቀር መረመረ። ደንበኛን እንዲህ ማክበር ብርቅ ነው። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።

ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የጣሪያችሁን ስፋት ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።