ለአያቴ ብስክሌት ስሙን ለመለሱለት ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም እንደ እኛ ጓዳ ውስጥ የቆመ አሮጌ ብስክሌት ያለው ሰው ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ለመጠቆም ነው። ባለሙያው ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈቀዱ፣ የሚፈልጋቸው ሁሉ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ በደስታ አገናኛለሁ።

አያቴ ትተውልን ያለፉት አንድ ጥቁር ብስክሌት አለ። ፍሬኑ የሚሳበው በሽቦ ሳይሆን በቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ካቴናው ዙሪያውን በላሜራ ተሸፍኗል፤ ሲያነሱት ይከብዳል። ከመሪው ሥር የነበረው የፋብሪካ አርማ ወድቆ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። በዚያ ላይ ደጋግሞ ቀለም ተቀብቷል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ታሪክ ይዞ ኖረ። አብዛኛው “የእንግሊዙ ፋብሪካ የራሌይ ሥራ ነው፣ አያታችን ሳያገቡ በፊት የገዙት” ይል ነበር። ታላቋ አክስቴ ብቻ “የለም፣ አባትህ ቆሞ መሄድ በጀመረ ጊዜ ነው የመጣው” እንዳሉ ነበሩ። ያኔ ልጅ ስለነበሩ ተሳስተው ይሆናል ብለን ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ቀደም ሲል ያማከርነው ሌላ ሰው ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ “መቶ ዓመት ያልፈዋል” አለን። ቀለሙን እስከ ብረቱ ልጦ፣ አዲስ ቀብቶ፣ የራሌይ አርማ ሊለጥፍበት ተነስቶ ነበር። እሺ ለማለት ትንሽ ነበር የቀረን፤ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

እኚህ ባለሙያ ግን በፎቶግራፍ መልስ አይሰጡም። ብስክሌቱን ወስጄ ሳቆምላቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ዞሩት። የቤተሰቡን ታሪክ ልነግራቸው ስጀምር እጃቸውን አንስተው “ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሱ ይንገረን፤ የእናንተን በኋላ እሰማለሁ” አሉኝ።

ከዚያ የካቴናውን መሸፈኛ ፈቱት። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር አንዱን እንኳ ሳይሰብሩ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ውስጡ የጠቆረና የደረቀ ግራሶ ሞልቶታል። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሰው ከፔዳሉ ጋር የሚዞረውን ትልቁን ጥርስ በቀስታ ይጠርጉት ጀመር። መጀመሪያ አንድ ጣት ታየ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ በመጨረሻ ከብረቱ ተቀርጾ የወጣ የተዘረጋ የሰው እጅ ሙሉ በሙሉ ብቅ አለ። ያንን ብስክሌት በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደነዳሁት እኔ አውቃለሁ፤ ከእግሬ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ይዞር እንደነበር ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

“ራሌይ ቢሆን የሽመላ ጭንቅላት ነበር የምታየው” አሉ። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ምልክታቸውን እዚያው ጥርሱ ላይ ይቀርጹ ነበር፤ ቢ.ኤስ.ኤ. ፊደላቱን፣ ሀምበር አምስት ሰዎችን፣ ረጅ ደግሞ እጅን። ረጅ-ዊትወርዝ በ1894 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የበርሚንግሃሙ ዊትወርዝና የኮቨንትሪው ረጅ ሲዋሐዱ የተፈጠረ ኩባንያ ነው።

እኔ በዚህ ረክቼ ነበር። እሳቸው ግን ጥርስ ከአንዱ ብስክሌት ወደ ሌላው ሊዛወር እንደሚችል ነገሩኝና ወደ ቴላዮው፣ ማለትም ጎማዎቹና መሪው ወደሚገጠሙበት ዋናው የብረት አካል፣ ተሻገሩ። የፔዳሉን ዘንግ አውጥተው፣ ኩሽኔታው የሚያርፍበትን ቤት አጽድተው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባላት ስስ የብረት መለኪያ የቤቱን ጠመዝማዛ የብሎን ጥርስ ለኩ። በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ሆነ። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በዚህ ቦታ ያወጡ የነበረው 24 ሲሆን፣ 26 የኖቲንግሃሙ ራሌይ የራሱ ልኬት ነበር። እንግዲህ እጅ ያለበት ትልቁ ጥርስ ረጅ፣ ቴላዮው ከራሌይ ፋብሪካ የወጣ ማለት ነው። ግራ ገብቶኝ ሳያቸው ፈገግ አሉ፤ ራሌይ የረጅን የብስክሌት ሥራ የገዛው በ1943 ነው። ከዚያ ወዲህ የረጅ ብስክሌቶች የሚሠሩት ኖቲንግሃም ነበር። ዘመዶቼ “ራሌይ” ሲሉ የኖሩትም ፈጽሞ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም፤ ይህንን እሳቸው ራሳቸው ናቸው አጥብቀው እንድነግራቸው ያሳሰቡኝ።

የቀረው ዕድሜው ነበር። በኋላኛው ጎማ እምብርት ላይ ስተርሚ-አርቸር የሚባል ፋብሪካ የሠራው ባለ ሦስት ፍጥነት ማርሽ አለ። የዘይት መጨመሪያዋን ዙሪያ ሲያጸዱ “ኤ.ደብሊው” የሚሉት የማርሹ ዓይነት መለያ ፊደላት፣ ከሥራቸውም 53 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ወጡ። ይህ ፋብሪካ ማርሹን የሠራበትን ዓመትና ወር እምብርቱ ላይ ይመታ ነበርና 1953፣ አራተኛው ወር ማለት ነው። እዚህም ላይ አልቸኮሉም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እምብርቱ እንጂ ስለ ብስክሌቱ አይደለም፤ ጎማ ይቀየራል። ስለዚህ የጎማዎቹን ሽቦዎች ቆጠሩ፤ ከፊት 32፣ ከኋላ 40፤ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ብስክሌት አሠራር ነው። ሁለቱም ቸርኬዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሥር ያለው ቀለማቸውም ከቴላዮው የመጀመሪያ ቀለም ጋር ገጠመ። ኮርቻውና የግራው ፔዳል ግን በኋላ የተተኩ መሆናቸውን ሳይደብቁ ነገሩኝ። ቴላዮው ላይ የተመታውን ቁጥርም ጻፉልኝ፤ የራሌይ ቁጥሮች ሁልጊዜ በአንድ ሥርዓት ስላልሄዱ ግን ዓመትን በእሱ ብቻ መቁረጥ አይገባም አሉ። በመጨረሻ በእጃቸው የጻፉልኝ ወረቀት “ረጅ፤ ኖቲንግሃም የተሠራ፤ ከ1953 አራተኛ ወር በፊት ተገጣጥሞ ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት በዚያው ዓመት” ይላል። “ምናልባት” የምትለዋን ቃል ከሥሯ አስምረውባታል። እኔ ያመንኳቸው በዚህች መስመር ነው።

አዲስ ቀለም እንዲቀቡት ስጠይቃቸው እምቢ አሉኝ። ከኮርቻው ሥር፣ የሳንቲም ስፋት ባላት ቦታ ላይ፣ ኋላ የመጣውን ቀለም በጥጥ እያራሱ አነሱና የመጀመሪያውን ጥቁርና በላዩ የተሰመረችውን የፀጉር ያህል ቀጭን ወርቃማ መስመር አሳዩኝ። “ይህንን ማን መልሶ ይሠራልሃል?” አሉ። ዝገቱን አቁመው፣ ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ግራሶ ሞልተው፣ የፍሬኑን ዘንጎች አስተካክለው መለሱልኝ። የሠሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፈዋል፤ ያልሠሩበትን አላስከፈሉም፤ የፈቱትን ብሎን በሙሉ በየቦታው መልሰዋል።

ብስክሌቱን በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ወሰድኩት። አባቴ የተወለደው በ1952 መገባደጃ ላይ ነው፤ ቆሞ የሄደው በማግስቱ ዓመት። አክስቴ ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን አያነቡትም። ጎንበስ አሉና ጣታቸውን አምጥቼ እምብርቱ ላይ አስቀመጥኩላቸው። አምስቷንና ሦስቷን ቀስ ብለው በጥፍራቸው ዳሰሱ።

“አላልኳችሁም?” አሉ፤ ከዚያም ደወሉን መቱት።